የተቀላቀለው ቡና የማን ነው? በመጋዘን ሶፍትዌር ላይ የባች ባለቤትነት ሳይጠፋ ለመከታተል ዝርዝር መመሪያ

ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር 60 ኪሎ የሚይዝ 320 ጆንያ ቡና ይጭናል፤ 19.2 ቶን ማለት ነው። ይህን ያህል አንድ ዓይነት ቡና ከአንድ ባለንብረት እጅ ማግኘት ሁልጊዜ ስለማይቻል፣ ድሬዳዋ ያለ ማበጠሪያ ከምዕራብ ሐረርጌ ወረዳዎች የመጣውን የሐብሮውን፣ የቦኬውንና የዳሮ ለቡውን ቡና በአንድ ማሽን አሳልፎ በአንድ ክምር ይደረድረዋል። አንዴ ከተደባለቀ በኋላ ፍሬውን አንስቶ «ይህ የእከሌ ነው» የሚል ሰው የለም። ከዚያ ወዲያ ባለቤትነቱ ያለው መዝገብ ላይ ብቻ ነው፤ መዝገቡ ከተሳሳተ ማስተካከያው ሽምግልና ወይም ፍርድ ቤት ይሆናል።

መመሪያው የተጻፈው የብዙ ሰው ንብረት በአንድ ጣሪያ ሥር ለሚያበጥሩ፣ ለሚያከማቹና ለሚያሽጉ ነው። ምሳሌው ገለባው የተነሳለት ቅሽር ቡና ነው። የባቢሌ ኦቾሎኒም ሆነ ማሽላ የሚያከማች ሰው ቁጥሩን ቀይሮ ሊሠራበት ይችላል።

ሦስት ጥያቄ፣ ሦስት ዓይነት ሂሳብ

ባች፣ ማለትም በአንድ ቁጥር የሚመዘገብ ጭነት ወይም ክምር፣ ሲቀላቀል ሦስት ጥያቄዎች አብረው ይነሳሉ፤ ሦስቱም የሚመለሱት በተለያየ ሂሳብ ነው።

«የማን ነው?» የሚለው ይከፋፈላል። ውህዱ 10 ቶን ከሆነ 5ቱ የአንዱ፣ 3ቱ የሌላው፣ 2ቱ የሦስተኛው ሊሆን ይችላል።

«ከየት መጣ?» የሚለው ግን አይከፋፈልም፤ ይደመራል። ከሦስት ወረዳ የመጣ ቡና ከተቀላቀለ በኋላ እያንዳንዱ ጆንያ የሦስቱም ወረዳ ነው። ባለንብረቱ «የእኔ ድርሻ 50 በመቶ ስለሆነ ግማሹ ጆንያ ሐብሮ ነው» ቢል በባለቤትነት ልክ ነው፤ በመነሻ ግን ስህተት ነው።

«ምን ዓይነት ነው?» የሚለው እንደገና ይለካል። ሐረር 4 እና ሐረር 5 የሚባሉት የሐረር ቡና ደረጃዎች ተቀላቅለው ሐረር 4 ተኩል አይወጣቸውም። እርጥበቱም፣ ደረጃውም፣ ጣዕሙም ከውህዱ በተወሰደ አዲስ ናሙና ይታወቃል።

ብዙ መጋዘን የሚሳሳተው እነዚህን ሦስቱን በአንድ የባች ቁጥር ውስጥ ለመጠቅለል ሲሞክር ነው። ባለቤት፣ መነሻና ደረጃ የየራሳቸው መስክ ይኑራቸው።

ከመቀላቀል በፊት የሚፈረም ወረቀት

ሶፍትዌሩ የሚያሰላው የተስማማችሁበትን ነው፤ ስምምነት ከሌለ የሚያሰላው ነገር የለውም። ባለንብረቶቹ ቡናው ማሽን ከመግባቱ በፊት በእነዚህ ነጥቦች ላይ መፈረም አለባቸው፦

- ድርሻው የሚሰላው በምን ነው? በተመዘነው ክብደት፣ በእርጥበት በተስተካከለ ክብደት፣ ወይስ ከናሙና በተገመተ ንጹህ ምርት?
- የሚጠፋው ክብደት በየድርሻቸው ይከፈላል ወይስ ማበጠሪያው የተወሰነውን ይሸፍናል?
- ተረፈ ምርቱ የማን ነው? ለሀገር ውስጥ ገበያ ስለሚሸጥ እንደ ቆሻሻ አይታይም። የገባው ጀንፈል (ገለባው ያልተነሳለት ደረቅ ቡና) ከሆነ ገለባውም ዋጋ አለው፤ በሐረርና በአካባቢው ገለባው ራሱ ተፈልቶ ይጠጣል።
- ተከፋፍሎ የማያልቀውን አንድ ጆንያ ማን ይወስዳል? በምን ዋጋ ይታሰባል?
- ቡናው ለባንክ በመያዣነት ተይዟል? ከተያዘ ከባንኩ ፈቃድ ሳያገኝ አይቀላቀልም። ሶፍትዌሩ ላይ «ታግዷል» የሚል ሁኔታ ስጡትና ሠራተኛው በስህተት እንኳ ወደ ማበጠሪያ ማውጣት እንዳይችል አድርጉ።

የስምምነቱን ቁጥር የውህዱ ባች መዝገብ ላይ ጻፉት። ፎቶውን ማያያዝ ከተቻለ ይበልጥ ጥሩ ነው።

ባለንብረቱን በስሙ ሳይሆን በቁጥሩ

በአማርኛ የተመዘገበ ስም ለሶፍትዌር ፈተና ነው። ሐሰን፣ ሀሰን እና ኀሰን ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሦስት ሰው ናቸው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ መሐመድ የሚለው ስም ብቻ አራትና አምስት አጻጻፍ ይወጣለታል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ባለንብረት የማይለወጥ ቁጥር ስጡ፤ 104፣ 117 እያላችሁ። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩን ማመሳከሪያ አድርጉት፤ ስሙ እስከ አያት ይጻፍ። የመጋዘኑ ባለቤት ድርጅትም ለራሱ ቁጥር ይውሰድ። የባለቤት ሳጥኑ ባዶ ሲሆን «የእኛ ነው» ማለት ነው የሚል ልማድ ካለ፣ መሞላቱ የተረሳ መስመር ሁሉ የድርጅቱ ንብረት ሆኖ ይገኛል።

የባች ቁጥር ውስጥ ዓመት የምታስገቡ ከሆነ በአንድ የዘመን አቆጣጠር ብቻ ሥሩ። አንዱ 18 ሌላው 25 ከጻፈ በኋላ «መጀመሪያ የገባው መጀመሪያ ይውጣ» የሚለው ደንብ ይበላሻል። ሌሊት የሚገቡ መኪኖችንም አስቡ፦ ሶፍትዌሩ ቀን የሚቀይረው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው፤ ዘበኛው ግን «የትናንት ማታ ጭነት» ይላል። የርክክብ ወረቀቱ ላይ ሰዓት መጻፍ ይህን ያቃልላል።

ርክክብ፦ ከዚህ በኋላ የማይታረመው ቁጥር

መለኪያው ኪሎ ብቻ ይሁን። ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው፣ ኩንታል 100 ኪሎ ነው፤ ሁለቱንም ሶፍትዌሩ ላይ ተቀያሪ መለኪያ አድርጎ ማስገባት ይቻላል፣ መሠረቱ ግን ኪሎ መሆን አለበት። ሰው በአፉ «50 ኩንታል» ሲል ብዙ ጊዜ 50 ጆንያ ማለቱ ነው። ጆንያው 100 ኪሎ ላይይዝ ይችላል፤ ስለዚህ የሚጻፈው ሚዛኑ ያሳየው ነው።

የባዶ ጆንያውን ክብደት ቀንሱ። አሥር ባዶ ጆንያ አንድ ላይ መዝናችሁ ለአሥር ማካፈል በቂ ነው። አዲስና አሮጌ ጆንያ ከተቀላቀለ ግን ለየብቻ መዝኑ።

ከዚያ እርጥበት። ናሙናው ከላይ፣ ከመሃልና ከታች ካሉ ጆንያዎች ይወሰድ፤ ከፀሐይ የገባ ጆንያ እስኪቀዘቅዝ ይጠበቅ። መለኪያው ሦስት ጊዜ ይነበብና አማካዩ ይመዝገብ። እዚህ ላይ ሰነፍ መሆን ኋላ ላይ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ከዚህ በታች በቁጥር ይታያል።

የገቢ ደረሰኙ፣ ሞዴል 19 ተጠቀማችሁም የራሳችሁን ቅጽ፣ በአንድ ባለንብረት አንድ ነው። ሁለት ባለንብረት በአንድ መኪና ከመጡ ሁለት ደረሰኝ፣ ሁለት ባች፣ ሁለት ክምር ይሆናል።

ድርሻ ማስላት

ሦስት እናት ባች፣ ማለትም ወደ ውህዱ የሚገቡ ባቾች፣ አሉን እንበል። የሐብሮው 6,240 ኪሎ፣ እርጥበቱ 13 በመቶ። የቦኬው 3,850 ኪሎ፣ 11.5 በመቶ። ድርጅቱ ራሱ ከዳሮ ለቡ የገዛው 2,400 ኪሎ፣ 10.5 በመቶ። በድምሩ 12,490 ኪሎ።

በተመዘነው ክብደት ብቻ ድርሻቸው 49.960፣ 30.825 እና 19.215 በመቶ ነው። ቀላል ነው፤ ነገር ግን የሐብሮው ባለንብረት ውሃ አስመዝኖ ቡና ይወስዳል። ሁሉንም ወደ አንድ የስምምነት እርጥበት (እዚህ 11.5 በመቶ) ማምጣት ያስፈልጋል። ቀመሩ ይህ ነው፦

የተስተካከለ ክብደት = የተመዘነው × (100 − የተለካው እርጥበት) ÷ (100 − የስምምነቱ እርጥበት)

የሐብሮው፦ 6,240 × 87 ÷ 88.5 = 6,134.24 ኪሎ
የቦኬው፦ ራሱ 3,850.00 ኪሎ
የዳሮ ለቡው፦ 2,400 × 89.5 ÷ 88.5 = 2,427.12 ኪሎ
ድምር፦ 12,411.36 ኪሎ

ድርሻው አሁን 49.424፣ 31.020 እና 19.556 በመቶ ሆነ። ልዩነቱ ቢበዛ ግማሽ በመቶ ገደማ እንደሆነ አይታችሁ አትናቁት። 10,860 ኪሎ ንጹህ ቡና ሲወጣ የዳሮ ለቡው ድርሻ በመጀመሪያው ስሌት 2,086.79፣ በሁለተኛው 2,123.74 ኪሎ ነው። ልዩነቱ 36.95 ኪሎ፣ ከ2 ፈረሱላ በላይ ነው። የሐብሮው ደግሞ 58 ኪሎ ያህል ያልተገባ ይወስድ ነበር።

ሦስተኛው ስሌት ጉድለትንም ይቆጥራል። ከእያንዳንዱ እናት ባች ናሙና ወስዶ በእጅ በማስለቀም ስንት በመቶው ውድቅ እንደሆነ ይታያል። የሐብሮው 12፣ የቦኬው 8፣ የዳሮ ለቡው 6 በመቶ ውድቅ ቢኖራቸው የሚጠበቀው ንጹህ ምርት 5,398.13፣ 3,542.00 እና 2,281.49 ኪሎ ይሆናል። የንጹሁ ድርሻ 48.105፣ 31.564 እና 20.331 በመቶ ነው። በዚህ መንገድ ከሄዳችሁ የተረፈ ምርቱ ድርሻ የተለየ መሆኑን አትርሱ፦ 61.87፣ 25.89 እና 12.24 በመቶ። ብዙ ውድቅ ያመጣው ብዙ ተረፈ ምርት ይወስዳል። ንጹሁን በዚህ ስሌት፣ ተረፈ ምርቱን በክብደት የሚያካፍል ሰው አንዱን ባለንብረት ሁለት ጊዜ ይቀጣል።

የትኛው ይሻላል? የቡናዎቹ ጥራት ተቀራራቢ ከሆነ ሁለተኛው ይበቃል። ሦስተኛው ፍትሐዊ ነው፤ ሆኖም ናሙና አወሳሰዱ ላይ ሁሉም ካልተገኙ ጭቅጭቁን ከክብደት ወደ ናሙና ያዞረዋል እንጂ አይፈታውም። ከዚህ በታች በሁለተኛው እንቀጥላለን።

ሶፍትዌሩ ላይ አንድ ባች፣ ሦስት መስመር

መሠረታዊው ንድፍ ይህ ነው፦ አዲስ የውህድ ባች ቁጥር (እዚህ ው-017) ይከፈታል፤ በእሱ ሥር ለእያንዳንዱ ባለንብረት አንድ የክምችት መስመር ይኖራል። ሦስት ባች አይከፈትም፣ ምክንያቱም መጋዘን ውስጥ ያለው ክምር አንድ ነው። አንድ መስመርም አይሆንም፣ ምክንያቱም ባለቤቱ ሦስት ነው።

ኦዱ (Odoo) በሚባለው የድርጅት ሶፍትዌር ላይ፦ ኢንቬንተሪ ውስጥ ኮንፊገሬሽን፣ ሴቲንግስ፣ ትሬሴቢሊቲ በሚለው ሥር የሎት (የባች) እና የኮንሳይንመንት (የሌላ ሰው ዕቃ መያዝ) ምርጫዎቹን አብሩ። ከዚህ በኋላ እያንዳንዱ የክምችት መስመር ዕቃ፣ ቦታ፣ ሎት እና ባለቤት ይኖረዋል። አንድ የሎት ቁጥር በተለያየ ባለቤት ስም ብዙ መስመር መያዝ ይችላል፤ የምንፈልገውም እሱን ነው። ርክክቡ ላይ «አሳይን ኦነር» (ባለቤት መድብ) የሚለውን ሳጥን ከማጽደቃችሁ በፊት ሙሉት። ከጸደቀ በኋላ ስትደርሱበት የሚቀረው መልሶ ማውጣትና እንደገና ማስገባት ነው። በሌላ ባለቤት ስም የተመዘገበ ዕቃ በድርጅቱ የንብረት ዋጋ ውስጥ አይቆጠርም፤ ለሂሳብ ክፍሉ ጥቅሙ ይህ ነው።

የሚያንሸራትተው ቦታ የሶፍትዌሩ የማምረቻ ክፍል ነው። በምርት ትዕዛዝ ሦስት ሎት አስገብታችሁ አንድ ሎት ስታወጡ፣ በወጣው ምርት መስመር ላይ ባለቤት ካልተሞላ ሁሉም የድርጅቱ ሆኖ ይቆማል። በመጀመሪያ በሙከራ ዳታቤዝ ላይ በ100 ኪሎ ሞክሩትና የወጣው መስመር ላይ ማን እንደተጻፈ እዩ። ባለቤቱ ካልተሻገረ ውህደቱን በሁለት እንቅስቃሴ ሥሩት፦ ከየእናት ባቹ ወደ «ማበጠሪያ» የሚወጣ፣ ከ«ማበጠሪያ» በው-017 ስም በየባለንብረቱ የሚገባ።

ኢአርፒኔክስት (ERPNext) በሚባለው ሌላ የድርጅት ሶፍትዌር ላይ፦ ባች የተከፈተለት ዕቃ ባለቤት የሚባል መስክ የለውም። «ኢንቬንተሪ ዳይሜንሽን» በሚለው ከደንበኛ ዝርዝር ጋር የተያያዘ መስክ ጨምሩ፤ ከዚያ በኋላ የክምችት መዝገቡ በባለንብረት ይጣራል። ለውህደቱ «ስቶክ ኢንትሪ» ውስጥ «ሪፓክ» የሚለውን ዓይነት ተጠቀሙ። የሚወጡት መስመሮች እናት ባቾቹ፣ የሚገቡት ው-017 በባለንብረት ናቸው። የሌላ ሰው ዕቃ ዋጋው ዜሮ እንዲሆን የሚፈቅደውን ምልክት ካላደረጋችሁ ሶፍትዌሩ የሌላውን ቡና በእናንተ ሀብት ላይ ይደምረዋል።

ፒችትሪ የሚባለው የሂሳብ ሶፍትዌር በብዙ ቢሮ አለ፤ ለሂሳብ ጥሩ ነው፣ ለብዙ ባለንብረት ባች ግን የተሠራ አይደለም። ለእያንዳንዱ ባለንብረት የተለየ የዕቃ ኮድ የሚከፍቱ አሉ፤ መቀላቀል ሲመጣ ከየትኛው ኮድ ወደ የትኛው እንደሄደ የሚያሳይ ክር አይኖርም። እዚያ ላይ ሂሳቡን ብቻ ይዛችሁ ባቹን በኤክሴል ተከታተሉ።

ኤክሴል ከሆነ ሦስት ሉህ ይበቃል። «ባች»፦ ቁጥር፣ ቀን፣ ደረጃ፣ እርጥበት፣ ሁኔታ። «እንቅስቃሴ»፦ ቀን፣ ባች፣ ባለንብረት፣ ኪሎ (ገቢ በመደመር፣ ወጪ በመቀነስ ምልክት)፣ ምክንያት፣ የሰነድ ቁጥር። «ውህደት»፦ እናት ባች፣ ልጅ ባች፣ የገባ ኪሎ። ቀሪው የትም አይጻፍም፤ ከእንቅስቃሴው ሉህ በሰምኢፍስ (SUMIFS) ቀመር ይሰላል። ቀሪ በእጅ የሚጻፍበት ሉህ ውሎ አድሮ መዋሸቱ አይቀርም።

ከማሽኑ በኋላ የሚመዘገበው

ማሽኑ ከመነሳቱ በፊት ባዶውን ይዙርና የቀድሞው ባች ቅሪት ከማንሻውና ከመጋቢው ይውጣ፤ ይመዘን፣ ወደ ራሱ ባች ይመለስ። ይህ ካልተደረገ ማንም ያልመዘገበው ውህደት በየቀኑ ይካሄዳል፤ መነሻን ለመከታተል ደግሞ ጥቂት ኪሎም ቢሆን ውህደት ነው።

የእኛ ምሳሌ ውጤት፦ ንጹህ ቡና 10,860 ኪሎ፣ ተረፈ ምርት 1,270 ኪሎ፣ ድንጋይና አፈር 205 ኪሎ። ድምሩ 12,335 ነው። ከገባው 12,490 ላይ 155 ኪሎ የለም። የት ሄደ? ውህዱ ተለክቶ 11.5 በመቶ ከሆነ፣ 79 ኪሎ ያህሉ (12,490 ሲቀነስ 12,411.36) ውሃ ነው። ቀሪው 76 ኪሎ፣ ከገባው 0.6 በመቶ፣ አቧራና መሬት ላይ የፈሰሰ ነው። ይህን ክፍፍል በየውህደቱ መዝግቡ። ያልታወቀው ክፍል ከተለመደው በድንገት ቢያልፍ ሚዛኑን፣ ጆንያ ቆጠራውን፣ ከዚያ በሩን አረጋግጡ፤ በዚሁ ቅደም ተከተል።

ንጹሁ በድርሻቸው ሲከፈል፦ የሐብሮው 5,367.49፣ የቦኬው 3,368.77፣ የዳሮ ለቡው 2,123.74 ኪሎ። ሦስቱ ተደምረው ልክ 10,860.00 መምጣት አለባቸው። በመጠጋጋት 0.01 ወይም 0.02 ኪሎ ከተረፈ ትልቁ ድርሻ ላይ ይጨመር፤ ደንቡ አንድ ይሁን እንጂ የትኛውም ይሠራል።

ቡናው ግን በጆንያ ነው የሚወጣው። 10,860 ኪሎ 181 ጆንያ ነው። ድርሻቸው በጆንያ 89.46፣ 56.15 እና 35.40 ይሆናል። ሙሉ ቁጥሩ 89፣ 56 እና 35፤ ተደምሮ 180። የተረፈው አንድ ጆንያ ትልቅ ቁራጭ ላለው፣ ለሐብሮው ይሰጣል። በዚህ የሐብሮው 32.51 ኪሎ በብልጫ ወሰደ፤ ለቦኬው የ8.77፣ ለዳሮ ለቡው የ23.74 ኪሎ ዋጋ ይከፍላል። ሶፍትዌሩ ላይ ይህ «የባለቤት ዝውውር» ተብሎ ከሰነድ ቁጥር ጋር ይገባል። ድርሻውን ከላይ ነካክቶ ቁጥሩ እንዲገጥም ማድረግ ክልክል ነው፤ ኋላ የሚመጣ ሰው ለምን እንደተቀየረ አያውቅም።

በመቶኛ አታስቀምጡ፣ በኪሎ አስቀምጡ

መቶኛ የሚሰላ ነገር ነው፤ ሶፍትዌሩ ውስጥ ቋሚ ሆኖ የሚቀመጠው ኪሎው ነው። ምክንያቱ የሚታየው ከፊል ወጪ ሲኖር ነው።

የቦኬው ባለንብረት 56 ጆንያውን፣ 3,360 ኪሎ፣ ጭኖ ሄደ። ክምሩ ላይ 7,500 ኪሎ ቀረ፦ የሐብሮው 5,400፣ የድርጅቱ 2,100። ድርሻው አሁን 72 እና 28 በመቶ ነው። የባቹ መዝገብ ላይ «ቦኬ 31.020 በመቶ» ተብሎ ተጽፎ ቢቆይ ኖሮ፣ ሶፍትዌሩ ለሄደው ሰው ከቀሪው ላይ 2,326.5 ኪሎ ይሰጠው ነበር።

ክምሩ ሲቀመጥ ይቀላል። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት፤ ከደጋው የወረደ ቡና መጋዘን ውስጥም ይደርቃል። ከሳምንታት በኋላ ክምሩ ሲመዘን 7,450 ኪሎ ቢሆንና እርጥበቱ ከ11.5 ወደ 10.9 ቢወርድ፣ 7,500 × 88.5 ÷ 89.1 = 7,449.5 ነውና ሂሳቡ ይገጥማል፤ የተሰረቀ የለም። 50 ኪሎው በዕለቱ ድርሻ 36 እና 14 ሆኖ ይቀነሳል። አስቀድሞ የወጣው የቦኬው ከዚህ ላይ ምንም አይነካውም። ለዚህ ነው የማስተካከያው ቀን ከወጪው ቀን በፊት እንዲገባ መፍቀድ የማይገባው፤ ወደ ኋላ ቀን ማስገባትን ሶፍትዌሩ ላይ ዝጉት።

ውህድ በውህድ ላይ

ው-017 ላይ ካለው 3,000 ኪሎ ከሌላ ባለንብረት 2,000 ኪሎ ጋር ተቀላቅሎ ው-023 ሆነ እንበል። ባለንብረቶቹ በሌላ ካልተስማሙ የሚወጣው በድርሻ ነው፦ የሐብሮው 2,160፣ የድርጅቱ 840። በው-023 ውስጥ የሐብሮው 43.2፣ የድርጅቱ 16.8፣ የአዲሱ 40 በመቶ ይሆናል። ባለቤትነቱ በዚህ አለቀ፤ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ማየት በቂ ነው።

መነሻው ግን እስከ ሥሩ መሄድ አለበት። የቦኬው ባለንብረት ንብረቱን ይዞ ሄዷል፤ የቦኬ ቡና ግን በው-017 ውስጥ አለ፣ ስለዚህ በው-023 ውስጥም አለ። የባለቤት ዝርዝሩን ወደ መነሻ ዝርዝር የሚገለብጥ መዝገብ እዚህ ላይ ይዋሻል። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እንደ ፈረንጆቹ ባወጣው የደን ጭፍጨፋ ደንብ መሠረት ወደዚያ የሚገባ ቡና የተመረተበት መሬት በካርታ ነጥብ መታወቅ አለበት፤ ከ4 ሄክታር በላይ ከሆነ ወሰኑም ጭምር። ተግባራዊ የሚሆንበት ጊዜ ከአንድ ጊዜ በላይ ቢገፋም ይዘቱ ግልጽ ነው፦ መነሻው የታወቀ ከማይታወቅ ጋር ተቀላቅሎ «60 በመቶው የታወቀ ነው» ብሎ ማቅረብ አይቻልም። መነሻው ያልታወቀ አንድ ጆንያ ሙሉውን ባች መነሻው ያልታወቀ ያደርገዋል። ስለዚህ እናት ባች ላይ መነሻ ካልተሞላ ውህደቱን የሚከለክል ደንብ ሶፍትዌሩ ላይ አስቀምጡ።

መቆጣጠሪያ

በየወሩ ሦስት ቁጥር ይነጻጸር፦ በባች ውስጥ ያሉ ባለንብረቶች ድምር፣ የባቹ ቀሪ፣ በዓይን የተቆጠረው ጆንያ ሲባዛ በተመዘነው የአንድ ጆንያ ክብደት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ካልገጠሙ ስህተቱ ሶፍትዌሩ ውስጥ ነው፤ ሦስተኛው ብቻ ከተለየ መጋዘኑ ውስጥ ነው። ከዚህ በተጨማሪ አንድ ጆንያ በዘፈቀደ ምረጡና ወደ ኋላ እስከ ገቢ ደረሰኞቹ፣ ወደ ፊት እስከ ወጪ ሰነዶቹ (ሞዴል 22 ወይም የእናንተ) ለመድረስ የሚፈጀውን ሰዓት ያዙ። ግማሽ ቀን ከፈጀ ሰንሰለቱ የሆነ ቦታ ላይ ተበጥሷል።

የክምር ካርድ አይቅር። ካርዱ ላይ የባች ቁጥር፣ የጆንያ ብዛትና የመጨረሻው እንቅስቃሴ ይኑር፤ የባለንብረት ስም ግን አያስፈልግም፣ በውህድ ክምር ላይ ሰዎች «ይህ የእኔ ጥግ ነው» ማለት ይጀምራሉ። አሮጌ ጆንያ ላይ ያለ የቀድሞ ጽሑፍ ይገልበጥ ወይም ይሰረዝ። መዛኙና አጽዳቂው አንድ ሰው አይሁን። የተሳሳተ መስመር አይጠፋም፤ በተቃራኒ መስመር ተሽሮ ትክክለኛው እንደ አዲስ ይገባል።

ሳይመዘገብ ተቀላቅሎ ከተገኘ

ይህ ይደርሳል፤ ጫኝ በስህተት ከሁለት ክምር ያነሳል፣ ጆንያ ይቀደድና ይጠረጋል። ሲታወቅ የተነኩትን ባቾች ሁሉ በዚያው ሰዓት «ታግዷል» አድርጉና ወጪ አቁሙ። ከእያንዳንዱ ክምር የቀረውን መዝኑ። ከገቢ ደረሰኝ፣ ከወጪና ከክምር ካርድ ተነስታችሁ ከየትኛው ስንት ኪሎ እንደጎደለ አስሉ፤ የጎደለው ነው ወደ ውህዱ የገባው። የሁለቱ ጉድለት ድምር ከውህዱ ክብደት ጋር ካልገጠመ ልዩነቱን በግምት አትሸፍኑት፤ «ያልታወቀ» ብላችሁ ለብቻው መስመር አስገቡት፣ ማን እንደሚሸከመውም ባለንብረቶቹ ባሉበት ይወሰን። ለውህዱ አዲስ ባች ክፈቱ፣ የሁለቱንም መነሻ ደምሩለት፣ አዲስ ናሙና ውሰዱና ዝቅተኛውን ደረጃ በጊዜያዊነት ስጡት። ቃለ ጉባኤው ላይ ባለንብረቶቹ እስኪፈርሙ ድረስ እገዳው አይነሳም፤ ገዢው መኪና ልኮ በር ላይ ቆሞ ቢሆንም።